ለኤክስኤምኤል ጽሑፍ የትኛው ይሻላል፦ ሲኤስኤስ፣ ኤክስኤስኤልቲ ወይስ ኤክስኤስኤል ኤፍኦ?

በኤክስኤምኤል፣ ማለትም የጽሑፍን ክፍሎች ምንነታቸውን በሚናገሩ ምልክቶች (ታጎች) በሚከፋፍል ቋንቋ፣ የተጻፈ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አለዎት እንበል። አንዱ ግቤት ይህን ይመስላል፦

<ግቤት ክፍል="ግሥ"><ቃል>ሠራ</ቃል><ፍቺ>አበጀ፣ አከናወነ</ፍቺ><ምሳሌ>አናጺው በር ሠራ።</ምሳሌ></ግቤት>

በዚህ ፋይል ውስጥ ስለ ፊደል መጠን፣ ስለ ቀለም ወይም ስለ ገጽ ስፋት አንድም ነገር የለም። ያለው ምንነቱ ብቻ ነው፤ ይህ ቃሉ ነው፣ ይህ ፍቺው ነው፣ ይህ ምሳሌው ነው። ኤክስኤምኤልን የምወደውም ለዚህ ነው። ይዘቱ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይጻፍና ለድረ ገጽም፣ ለመጽሐፍም፣ ለስልክም ያገለግላል። አንባቢ ግን ታግ አያነብም። ጽሑፉን ለዓይን የሚያበቃው ስታይልሺት፣ ማለትም እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደሚቀርብ የሚያዝዝ ፋይል ነው።

ስታይልሺት ሲባል ደግሞ ስማቸው የተቀራረበ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል የሆነ ቴክኖሎጂዎች ይደራረባሉ። ለዓመታት የማጣቀሻ ጽሑፎችን ለኅትመት ሳዘጋጅ ብዙ ጊዜ ሲባክን ያየሁት በኮድ ስሕተት አይደለም፤ ለሥራው የማይሆን መሣሪያ በመምረጥ ነው። አንድ ባልደረባዬ ግቤቶችን በፊደል ተራ ለማሰለፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲኤስኤስ ሲያገላብጥ ከርሟል። መደርደር የሲኤስኤስ ሥራ አለመሆኑን አስቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ያንን ሁሉ ድካም ባላየ ነበር።

ስሞቹ ከየት መጡ?

ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሲኤስኤስ የመጀመሪያ ደረጃው በ1996 መጨረሻ ወጣ፤ የታሰበውም በኤችቲኤምኤል ለሚጻፉ ድረ ገጾች ነበር። በዚያው ዓመት የኤክስኤምኤል አባት ለሆነው ለኤስጂኤምኤል የተዘጋጀ ዲኤስኤስኤስኤል የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶ ነበር። ዲኤስኤስኤስኤል ጽሑፍን እንደ አዲስ ማዋቀርም፣ በገጽ ላይ ማሳረፍም ይችላል፤ ነገር ግን ስኪም በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ላይ የቆመ ስለሆነ ለአብዛኛው የኅትመት ሰው አልቀለለም። በ1997 ማይክሮሶፍት፣ አርቦርቴክስትና ኢንሶ ኤክስኤስኤል የሚል ሐሳብ የድርን ደረጃዎች ለሚያወጣው ድርጅት ለደብሊው3ሲ አቀረቡ። ዓላማው የዲኤስኤስኤስኤልን አቅም ለድር በሚመች መልክ ማምጣት ነበር። ኤክስኤምኤል 1.0 ራሱ ደረጃ የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1998 ነው።

አንድ ሆኖ የተጀመረው ኤክስኤስኤል በሥራ ላይ ሦስት ሆነ። ጽሑፍን ከአንድ መዋቅር ወደ ሌላ የሚቀይረው ክፍል ኤክስኤስኤልቲ ተባለ። በሰነዱ ውስጥ ያለን ነገር በአድራሻ የሚጠቁመው ኤክስፓዝ ተባለ። ሁለቱም 1.0 ሆነው የጸደቁት በኖቬምበር 16 ቀን 1999 ነው። ገጽ የሚያቀናብረው ክፍል ዘግይቶ በ2001 ወጣ፤ የደረጃው ኦፊሴላዊ ርእስ ግን አሁንም «ኤክስኤስኤል» ብቻ ነው። ሰዎች ከሌላው ለመለየት ብለው ነው ኤክስኤስኤል ኤፍኦ ያሉት። ስለዚህ አንድ ሰው «በኤክስኤስኤል ሥራልኝ» ቢልዎ ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

አንድ የቆየ ወጥመድም አለ። በ1999 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ይዞት የመጣው ደረጃው ከመጽደቁ በፊት የነበረውን ረቂቅ ነው። በዚያ ረቂቅ የተጻፉ መማሪያዎች ዛሬም በፍለጋ ይገኛሉ፤ ምሳሌዎቻቸው ግን በዛሬ ማስኬጃዎች፣ ማለትም ስታይልሺቱን በሥራ ላይ በሚያውሉ ፕሮግራሞች፣ አይሠሩም።

ሲኤስኤስ ያለብሳል፣ አይነቅልም፣ አይተክልም

ሲኤስኤስ በኤክስኤምኤል ላይ በቀጥታ ይሠራል። በፋይሉ ራስ ላይ ስታይልሺቱን የሚጠቁም አንድ መስመር ማስገባት በቂ ነው። ከዚያ «ቃል» የተባለው ኤለመንት (በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ መካከል ያለው ክፍል) ደማቅ ይሁን፣ «ምሳሌ» የተባለው ገባ ብሎ በአዲስ መስመር ይጀምር ብለው ያዝዛሉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ብራውዘር የኤችቲኤምኤልን አንቀጽና ርእስ ያውቃል እንጂ የእርስዎን «ግቤት» አያውቅም። ካልነገሩት ሁሉንም በአንድ መስመር አያይዞ ያፈስሰዋል። ስለዚህ የትኛው ራሱን ችሎ እንደሚቆም፣ የትኛው በመስመር ውስጥ እንደሚቀር አንድ በአንድ መናገር ይጠበቅብዎታል።

ለግዕዝ ፊደል ሲኤስኤስ የታሰበበት ነው፤ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። የዝርዝር ቁጥሮችን የሚመለከተው ደረጃ የግዕዝን አኃዝ በስም ጠርቶ፣ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ አስቀምጧል። ቁጥሩ ከኋላ በሁለት በሁለት ይከፈላል፣ መቶው በ፻ ይያዛል፣ 2016 ፳፻፲፮ ሆኖ ይወጣል። የጽሑፍ ደረጃው ደግሞ ሁለት ነጥብን (፡) ከቃል መለያ ምልክቶች ውስጥ ቆጥሮታል። እነዚህን በሌላ መሣሪያ በእጅ ጽፎ የሚያውቅ ሰው በተዘጋጀ ትእዛዝ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ወሰኑ ግን ግልጽ ነው። ሲኤስኤስ ጽሑፉን የሚያሳየው በመሠረቱ ፋይሉ ውስጥ በተጻፈበት ተራ ነው። የእይታ ቦታን መቀያየር ይችላል፤ የፊደል ተራ ግን አያውቅም። ማውጫ አያወጣም፤ አንድን ቃል ቆጥሮ «ይህ ቃል በስድስት ግቤቶች ውስጥ ይገኛል» አይልም። «ዋቢ» ብለው የጻፉት ኤለመንትም በሲኤስኤስ ሰማያዊና ከሥሩ የተሰመረበት ይሆናል እንጂ ሲጫኑት የትም አይወስድም። ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራምም «ቃል» የሚለው ታግ ርእስ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለዚህ ነው ኤክስኤምኤልን በሲኤስኤስ ብቻ ለሕዝብ ማውጣትን የማልመክረው። አዘጋጁ እየጻፈ የሚያየው መልክ ይሁን ከተባለ ግን ከሲኤስኤስ የተሻለ የለም፤ በርካታ የኤክስኤምኤል ማረሚያ ፕሮግራሞችም ይህንኑ ይጠቀማሉ።

ኤክስኤስኤልቲ እንደ አዲስ ያዋቅራል

ኤክስኤስኤልቲ አንድ የኤክስኤምኤል ዛፍ (አንዱ ኤለመንት በሌላው ውስጥ እየገባ የሚሠራው መዋቅር) ተቀብሎ ሌላ ዛፍ ይሠራል። የሚጻፈው በቴምፕሌት ነው፤ «ግቤት ስታገኝ ይህን አውጣ፣ በውስጡ ምሳሌ ካለ ያን ጨምር» እንደ ማለት ነው። ውጤቱ ኤችቲኤምኤል፣ ሌላ ኤክስኤምኤል ወይም ተራ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። አድራሻ የሚሰጠው ኤክስፓዝ ነው፤ በአማርኛ ታግ ከጻፍን አድራሻውም በአማርኛ ይነበባል፦

መዝገብ/ግቤት[@ክፍል='ግሥ']/ቃል

ትርጉሙ «በመዝገቡ ውስጥ ክፍላቸው ግሥ የሆኑ ግቤቶች ቃል» ነው። በግዕዝ ፊደል ታግ መሰየም ግን ሁልጊዜ የተፈቀደ አልነበረም። ኤክስኤምኤል 1.0 ለስም የሚሆኑ ፊደላትን የቆጠረው ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ከሚሰጠው ደረጃ፣ ከዩኒኮድ 2.0 ነው፤ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999፣ በ3.0 ነው። ስለዚህ የጽሑፉ ይዘት በአማርኛ መሆን ይችል ነበር፤ የታጉ ስም ግን አይችልም ነበር። በሩ የተከፈተው በ2004 በኤክስኤምኤል 1.1፣ ከዚያም በ2008 በወጣው የ1.0 አምስተኛ እትም ነው። የቆየውን ሕግ የሚከተል አንባቢ ፕሮግራም ካጋጠመዎት ፋይልዎን «የተሳሳተ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም። ፋይሉ ብዙ ቦታ የሚዞር ከሆነ ታጎቹን በላቲን ፊደል መሰየም ዛሬም አስተማማኝ ነው።

የኤክስኤስኤልቲ ጉልበት በደንብ የሚታየው በመደርደር ላይ ነው። ብዙ ማስኬጃዎች ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው ቃላትን በዩኒኮድ ቁጥራቸው ያሰልፋሉ። የዩኒኮድ ተራ ደግሞ የሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስለሆነ ውጤቱ መጀመሪያ ላይ ትክክል ይመስላል። ከዚያ አንባቢው «ሠራተኛ» የሚለውን ከ«ረዳት» በፊት፣ «ሰራተኛ» የሚለውን ከ«ረዳት» በኋላ ያገኘዋል። አንድ ቃል፣ በሁለት አጻጻፍ፣ በሁለት የተራራቁ ገጾች!

መፍትሔው ከኤክስፓዝ 1.0 ጀምሮ ያለው ፊደልን በፊደል የሚተካ ተግባር ነው። ለመደርደሪያ ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንዲመልስ ይታዘዛል። አምስት ቤት በሰባት ሲባዛ 35 ጥንድ ፊደል መጻፍ ይኖርብዎታል፤ ሀን ከሃ፣ አን ከኣ የሚያዋሕዱ ከሆነ ጥቂት ይጨመራል። በገጹ ላይ የሚታየው አጻጻፍ አይነካም፤ የሚለወጠው ተራው ብቻ ነው። ይህን በሲኤስኤስ ማድረግ ፈጽሞ አይቻልም።

1.0፣ 2.0 ወይስ 3.0?

ኤክስኤስኤልቲ 2.0 በጃንዋሪ 2007፣ 3.0 በጁን 2017 ጸድቀዋል። በ1.0 እና በ2.0 መካከል ያለው ርቀት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። መዝገበ ቃላትን በየፊደል ቤቱ መክፈልን ይውሰዱ፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ የሚጀምሩት በአንድ ርእስ ሥር፣ ለ፣ ሉ፣ ሊ የሚጀምሩት በሌላ። በ1.0 ለመቧደን የተሰጠ ትእዛዝ የለም። ስቲቭ ሙንች ባስተዋወቀው ስልት፣ በቁልፍ እየፈለጉና የእያንዳንዱን ቡድን የመጀመሪያ አባል እየለዩ ነው የሚሠራው። የሚሠራ ስልት ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ሲያነቡት ግን ራስዎ የጻፉት አይመስልዎትም።

በ2.0 ለመቧደን ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለ፤ ፊደልን ወደ ዩኒኮድ ቁጥር የሚቀይር ተግባርም ተጨምሯል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በስምንት በስምንት ቦታ ስላስቀመጠው የአንድን ፊደል ቁጥር ለስምንት አካፍለው ቀሪውን ከቁጥሩ ሲቀንሱ የቤቱ የመጀመሪያ ፊደል ይወጣል። ሂ 4610 ነው፤ ቀሪው 2፤ ሲቀነስ 4608፣ እርሱም ሀ ነው። በአንድ መስመር ቤቱ ተገኘ። እንደ ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ያሉት የራሳቸው ስምንት ቦታ ስላላቸው ለብቻ ወደ ቀ፣ ኀ፣ ከ እና ገ መመለስ አለባቸው፤ እርሱም አራት ተጨማሪ መስመር ነው።

2.0 ከአንድ ፋይል ብዙ ፋይሎችን ያወጣል፤ ለድረ ገጽ እያንዳንዱን የፊደል ቤት በየገጹ ለማድረግ ይመቻል። ቀንን በጽሑፍ የሚያወጣ ተግባርም አለው፤ ደረጃው ከዘረዘራቸው የዘመን አቆጣጠሮች መካከል የኢትዮጵያ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ማስኬጃው እንዲደግፈው አይገደድም፤ ስለዚህ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም መስከረም 1ን በትክክል ማውጣቱን ሳይፈትሹ አይመኑት። 3.0 ጄሰን የተባለውን የመረጃ አጻጻፍ ይቀበላል፣ እጅግ ግዙፍ ፋይልን የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ሳይሞላ እያፈሰሰ ያነባል። ለመዝገበ ቃላት ያህል ይህ የግድ አይደለም።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ አዲስ ሥራ በ1.0 አይጀምሩ። ሳክሰን የተባለው ማስኬጃ በነጻ እትሙ 3.0ን ይሠራል። የማፍሰሻው ዘዴ ግን በሚከፈልበት እትም ውስጥ ነው። 1.0 የሚያስገድደው ሊብኤክስኤስኤልቲ በተባለው የ1.0 ማስኬጃ ላይ የቆመ ነባር ሥርዓት ሲረከቡ ነው፤ ፒኤችፒም ሆነ ፓይተን በተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ እርሱን ነው።

በብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራው ኤክስኤስኤልቲ ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር። ብራውዘሮች ከ1.0 አልፈው አያውቁም። በ2025 ደግሞ የክሮም ገንቢዎች በዋናነት በደኅንነት ምክንያት ኤክስኤስኤልቲን ከብራውዘሩ እንደሚያስወጡት አስታውቀዋል። ኤክስኤምኤሉን ለብራውዘር ልከው እዚያ እንዲለወጥ የሚያደርግ ገጽ ካለዎት ለውጡን ወደ ሰርቨር ወይም ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ያምጡት። ቋንቋው አልሞተም፤ የሚሠራበት ቦታ ነው የተቀየረው። በብራውዘር ውስጥ የግድ ከሆነ በጃቫስክሪፕት የተሠራው ሳክሰንጄኤስ አለ።

ወረቀት ላይ ሲመጣ፦ ኤፍኦ ወይስ ሲኤስኤስ?

እውነተኛው ምርጫ ያለው እዚህ ነው። ኤክስኤስኤል ኤፍኦ ገጽን በዝርዝር የሚገልጽ የኤክስኤምኤል ቋንቋ ነው፤ የገጹ ስፋት፣ የራስጌና የግርጌ ቦታ፣ ዓምዶች፣ በገጾች ላይ የሚፈስሰው ጽሑፍ ሁሉ በውስጡ ይጻፋል። ማንም በእጁ አይጽፈውም፤ ኤክስኤስኤልቲ ያወጣዋል፣ እንደ አፓቺ ኤፍኦፒ ያለ ማስኬጃ ደግሞ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጠዋል። ስለዚህ ኤፍኦን የመረጠ ሰው ኤክስኤስኤልቲንም መርጧል።

ሌላው መንገድ ኤክስኤምኤሉን በኤክስኤስኤልቲ ወደ ኤችቲኤምኤል ለውጦ ገጹን በሲኤስኤስ ማቀናበር ነው። ፕሪንስ የሚከፈልበት፣ ዊዚፕሪንት ነጻ የሆነ፣ ሁለቱም ከሲኤስኤስ ፒዲኤፍ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ናቸው። አንቴና ሃውስ ደግሞ ሁለቱንም ቋንቋ ይቀበላል።

መዝገበ ቃላት በገጹ ራስ ላይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቃል ይጽፋል፤ «ሠራ — ሠርክ» እንደሚለው። ኤፍኦ ለዚህ ምልክት ተክሎ የመልቀም ዘዴ ከ2001 ጀምሮ አለው፤ በገጹ ላይ መጀመሪያ የወጣው ይሁን የመጨረሻው ራስዎ ይወስናሉ። ሲኤስኤስም ተመሳሳይ ዘዴ አለው፤ ነገር ግን የሚሠራው በእነዚያ የኅትመት ፕሮግራሞች ነው፣ በተራ ብራውዘር ፒዲኤፍ ቢያወጡ አያገኙትም። «ገጽ 214 ይመልከቱ» የሚለውን ዋቢ በትክክለኛ ቁጥር መሙላትም እንዲሁ ነው።

ኤፍኦ ጽኑ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈ ዛሬም ይሠራል። ከ2006ቱ 1.1 በኋላ ግን አዲስ ደረጃ አልወጣም፣ 2.0 ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ሲኤስኤስ በየዓመቱ ያድጋል፤ የሚያውቀውም ሰው እጅግ ብዙ ነው። በአማርኛ አካባቢ ኤፍኦን አስተካክል ቢሉት እሺ የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ሲኤስኤስ የሚያውቅ ግን በየድረ ገጽ ቡድኑ አለ። ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው፤ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ሲያስፈልገው የሚያርመው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና። አዲስ መጽሐፍ ከሆነ በሲኤስኤስ ይሂዱ። ኤፍኦን የምመርጠው የሚሠራ ነባር ሥርዓት ሲኖር ወይም ጽሑፉ በዶክቡክ (ለቴክኒክ መጻሕፍት በተዘጋጀ የኤክስኤምኤል ታጎች ስብስብ) ተጽፎ ሲገኝ ነው፤ ዶክቡክ ኤችቲኤምኤልንም ኤፍኦንም የሚያወጡ በብዙ ዓመት የበሰሉ የኤክስኤስኤልቲ ስታይልሺቶች ስላሉት ከባዶ መጀመር ጉልበት ማባከን ነው።

በኤፍኦፒ ለሚጀምር ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚያውቃቸው ፎንቶች ግዕዝ የላቸውም፤ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በ# ይተካዋል። ሙሉ ገጽ # ሲያዩ ፋይሉ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት በማዋቀሪያው ፋይል ያስመዝግቡ፣ በስታይልሺቱም ስሙን ይጥሩ። የግዕዝ ፊደል እንደ ዐረብኛ ቅርጹን እየቀያየረ ስለማይያያዝ ከዚያ በኋላ ብዙም አያስቸግርም።

ኤክስኩዌሪስ?

ኤክስኩዌሪ ስታይልሺት አይደለም፤ ከኤክስኤስኤልቲ 2.0 ጋር በአንድ ቀን የጸደቀ፣ በኤክስፓዝ ላይ የቆመ መጠየቂያ ቋንቋ ነው። ሁለቱ ብዙ ሥራ ይጋራሉ። አንድ ሰነድ ከራስ እስከ ግርጌ ለመለወጥ ኤክስኤስኤልቲ ይቀላል፤ ከሺህ ፋይሎች መካከል ጥቂት ነገር ለቅሞ ለማውጣት ኤክስኩዌሪ ይሻላል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የኢትዮጵያና የኤርትራ የብራና መጻሕፍት መረጃ ቋት በቲኢአይ ኤክስኤምኤል (ለምርምር ጽሑፎች በተዘጋጀ የታጎች ስብስብ) ተጽፎ ኢግዚስት በተባለ የኤክስኤምኤል ዳታቤዝ ላይ ይሠራል፤ እንዲህ ያለ ስብስብ ካለዎት ኤክስኩዌሪን መማር ግድ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ሙሉውን መዝገብ ከማስገባትዎ በፊት ሃያ ግቤት ያላት መሞከሪያ ፋይል ያዘጋጁ። በሠ እና በሰ የሚጀምሩ ቃላት ይኑሩባት፤ አንድ የቈ፣ አንድ የኰ ቃል ይግባ፤ በሁለት ነጥብ የተለያየ አንድ ረጅም ጥቅስ፣ ገጽ የሚያቋርጥ አንድ ግቤት፣ ምሳሌ የሌለው አንድ፣ ወደ ሌላ ግቤት የሚጠቁም አንድ ዋቢም ይጨመሩ። ያቺን ፋይል በመረጡት መሣሪያ አሳልፈው ውጤቱን በወረቀት አትመው፣ እርሳስ ይዘው ያንብቡት።